የቦራ አባት

አጋሮ ሜዳ ላይ ሕዝቡ «አባ ቦራ! አባ ቦራ!» እያለ ሲጮኽ ሙሐዲን እጁን አነሣ። ምን ያድርግ፣ ስሙ ነው። ያ ሁሉ ሰው ስምህን ሲጠራልህ አንተስ አታነሣም? በግራ ክንዱ የፈረሱን ግላስ ታቅፎ፣ በቀኙ የውኃ ባልዲ ይዞ ነበርና ባልዲውን መሬት አስቀምጦ፣ ቆቡን አስተካክሎ፣ መዳፉን ከፍ አደረገ። ቀና ሲል ግን የሰው ዓይን ሁሉ ከሱ ራስ በላይ አልፎ ወደ ሜዳው መካከል፣ ወደ ፈረሱና ከፈረሱ ላይ ወደ ተቀመጠው ወጣት መሄዱን አየ። የተጠራው እሱ አልነበረም። አንዴ ያነሡትን እጅ ደግሞ ዝም ብሎ ማውረድ አይቻልም፣ ሰው ያያል። ስለዚህ ሙሐዲን ቆቡን አወለቀና ያላሳከከውን ራሱን አከከ።

ቅናት የገባበት በዚያች ሰዓት ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲኖር በሰው ሚስት አልቀና፣ በሰው ቡና አልቀና፣ በሰው ቤት አልቀና። ሁሉንም ቆጥቦ ለዚያች ቀን ያስቀመጠው ይመስል በአንድ ጊዜ መጣበት። ባልዲውን አነሣና ለፈረሱ ከያዘው ውኃ ራሱ ጠጣ።

የጅማ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ለሌላው ግን ልንገር። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ሁለት ስም አለው። አንደኛውን አባቱ ያወጣለታል፣ ሁለተኛውን ፈረሱ። ፈረሱ ጉራቻ ከተባለ ሰውየው አባ ጉራቻ ነው፤ የጉራቻ አባት። መኳንንቱም ባለጸጋውም የተጠሩት በዚህ ነው። ፈረስ የሌለው ባወጡለት ስም ኖሮ ባወጡለት ስም ይቀበራል። ሙሐዲን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፈረስ ሲያጥብ፣ ሲገራ፣ ሲያክም ኖሯል፤ አንዱም የሱ አልነበረም። ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ ያለው ጋጣ መጀመሪያ የአንድ ባለ ብዙ ቡና ባላባት ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ባላባቱ ሄደ፣ ቡናውም ጋጣውም የመንግሥት እርሻ ሆነ፣ ሙሐዲንም ከፈረሶቹ ጋር ተቆጥሮ ለመንግሥት ተላለፈ።

በ1968 ዓ.ም. አንዲት ባዝራ ወልዳ ሞተች። ውርንጭላውን ማንም አይተርፍም ብሎ ሲተወው ሙሐዲን በጋቢው ጠቅልሎ ሄርማታ ወዳለው ቤቱ ወሰደው። ሚስቱ ሐጂራ ላሟን እያለበች፣ እሱ ጨርቅ ወተት እየነከረ አሳደጉት። ግንባሩ ላይ ነጭ ስለነበረበት ቦራ አሉት። የጋጣው ሰዎች መጀመሪያ ለቀልድ ሙሐዲንን «አባ ቦራ» ብለው ጠሩት። ቀልዱ ገበያ ወጣ፣ ከገበያ መስጊድ ገባ፣ በዓመቱ ሙሐዲን ብላ የምትጠራው ሐጂራ ብቻ ሆነች። ፈረሱ በወረቀት የሕዝብ ንብረት ነው። ስሙን ግን ማንም አልወረሰውም ነበር፤ እስከ አጋሮ ድረስ።

ፈረሱ ላይ የተቀመጠው ወጣት ኤርሲዶ ይባላል። የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ነው። አዲስ አበባ በፈረሰኛ ፖሊስ ውስጥ ጥቂት ዓመት አገልግሎ፣ ከዚያ ወጥቶ ከሚስቱ ከልያ ጋር ለቡና ለቀማ ጅማ መጣና በቾ ቦሬ ሰፈር ቤት ተከራየ። በ1973 የአውራጃው ስፖርት ጽሕፈት ቤት የጋጣዎች ውድድር አውጥቶ ነበር። ሩጫ አይደለም። በኖራ በተሰመረ ሜዳ ውስጥ ፈረሱ በልክ ይራመዳል፣ ይሶመሶማል፣ ባለበት ይዞራል፣ እግሩን እያነባበረ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሦስት ዳኞችም ነጥብ ይሰጣሉ። ወረቀቱ «የፈረስ ሥነ ሥርዓት ውድድር» ይለዋል፤ በዚያ ዘመን ሥነ ሥርዓት ያልተጠየቀ ፍጥረት አልነበረም። ኤርሲዶ ወሬውን ሲሰማ ከለቀማው ቅርጫቱን እንደያዘ መጥቶ፣ «ይኼ እኮ ድረሳዥ ነው፤ እኔ ተምሬዋለሁ» አለ። ሙሐዲን ሳቀበት። የእርሻው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ተክለጻድቅ ግን፣ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» አለና ቦራ ላይ አወጣው። ልጁ ቦራን ሦስቴ አዙሮ ሲያቆመው የሚከራከር ጠፋ። ሙሐዲን ጉልበቱን በቅሎ ከረገጠችው ወዲህ ኮርቻ ላይ መቀመጥ ትቷል፤ ስለዚህ እንደ ልቡ «እኔ እያለሁ» ማለት እንኳ አልቻለም።

አጋሮ ላይ ቦራ አንደኛ ወጣ። ኤርሲዶ ከፈረሱ ወርዶ ዛቡን በሁለት እጁ ለሙሐዲን እያቀበለ፣ ፊቱ በላብና በደስታ እያበራ፣

«ጋሽ ሙሐዲን፣ የአጋሮ ሰው ግን እንዴት ነው የሚወድዎት! ስምዎን ሲጠሩ እኮ ቦራም ጆሮውን አቆመ» አለው።

ልጁ ከልቡ ነበር፤ ጩኸቱ ለሽማግሌው መስሎታል። ሙሐዲን ግን እንዲህ ያለ የዋህነት በዚህ ዘመን አለ ብሎ ማመን አልቻለምና አሽሟጠጠኝ ብሎ ያዘበት። «እሺ እሺ፣ ፈረሱ ሳይበርደው ላልብሰው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ማታ ሐጂራ ራት አቅርባ አየችው፣ አየችው፣ አላስቻላትም።

«ማሎ፣ እባክህ፣ ምን ሆነሃል? ጣውንት የመጣባት ሴት መሰልክ እኮ።»

«አንደኛ ወጥተናል» አለ ሙሐዲን።

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ አንደኛ የወጣ ሰው እንዲህ ያኮርፋል?»

ምን ብሎ ይንገራት? በዚህ ዕድሜው፣ አምስት ልጅ ድሮ፣ በፈረስ ቀናሁ ይበል?

ከዚያ በኋላ የኤርሲዶ ነገር ሁሉ ያቃጥለው ጀመር። ልጁ ቢሰክር፣ ጫት ቢቅም፣ ፈረሱን በአለንጋ ቢመታ ምንኛ ደስ ባለው! ምንም የለም። ኤርሲዶ አይጠጣም፣ አይቅምም፣ አይሳደብም። ፈረሱን ሲያሠራው አለንጋ ሳይሆን ዜማ ነው የሚጠቀመው፤ አፉን ዘግቶ በአፍንጫው ያንጎራጉራል፣ ቦራም እግሩን በዜማው ልክ ያነሣል። የጴንጤዎች መዝሙር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የጸሎት ቤታቸው በታሸገ በዓመቱ በሰው ፊት የሚያንጎራጉር ወይ ደፋር ነው ወይ ሞኝ። ሙሐዲን ሞኝ ነው ብሎ ወሰነ። ሞኙ ልጅ ግን ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ መጥቶ፣ «ጋሽ ሙሐዲን፣ እርስዎ እርካቡን ካላዩልኝ አልወጣም» ይላል። ሙሐዲን እርካቡን ያይለታል። እያየም በልቡ፣ ያ ረቢ፣ ይኼን ልጅ ትንሽ ክፉ አድርግልኝ ይላል።

ሁለተኛው ውድድር ሰቃ ላይ ነበር፤ እዚያም አሸነፉ። በማግስቱ ጠዋት ሙሐዲን የቦራን ጀርባ እየቦረሸ ሳለ ኤርሲዶ በበሩ ገባ። ቦራ ራሱን ቀና አድርጎ አሽካካ።

ፈረስ ማሽካካቱ ምን ይደንቃል ትሉ ይሆናል። ይህ ድምፅ ግን ሌላ ነው። ቦራ ይህን አጭርና ከደረት የሚወጣ ድምፅ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ የሚያወጣው ሙሐዲን ሲመጣ ብቻ ነበር። ወተቱ ሲመጣ ነው የለመደው። አሁን ሙሐዲን አጠገቡ ቆሞ፣ ብሩሹ ጀርባው ላይ እያለ፣ ለሌላ ሰው አወጣው። ሙሐዲን ብሩሹን ወርውሮ ወጣ። ከጋጣው ጀርባ ያለው የባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ማንም ሳያየው፣ አለቀሰ። አዎን፣ አለቀሰ።

በማግስቱ ሱብሒን እንደ ሰገደ ሰው ሳይነቃ ጋጣው ገባ፤ በኪሱ እፍኝ ገብስ ይዟል። ኤርሲዶ የፈረሱን ምግብ በጣሳ ወስኖ ነበር፤ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ጣሳ ገብስ፣ የቀረው ሣር። ብዙ እህል ፈረስን እንደሚጎዳ ሙሐዲን አያውቅም ማለት አይደለም፤ ለጋጣው ሰው ሁሉ ያስተማረው እሱ ነው። ግን እፍኝ ምን ታደርጋለች? ቦራ ከእጁ በላ፣ መዳፉን ላሰ። በሦስተኛው ቀን የእግሩን ኮቴ ገና ከሩቅ ሲሰማ አሽካካለት። የሙሐዲን ልብ ቅቤ ጠጣ። በሳምንቱ እፍኟ ጣሳ ሆነች።

ገብሱ የሐጂራ ነው። አንድ ቀን ጆንያውን አንሥታ አየችና፣ «ጣውንቴን እየቀለብክልኝ ነው አይደል?» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ነገሩ በሳቅ አለፈ።

ሦስተኛው ውድድር ሊሙ ገነት ነበር፤ የሙሐዲን ኃጢአት የተሠራውም እዚያ ነው። ድምፅ ማጉያው ገና ከጠዋቱ፣ «ከጅማ፣ ኤርሲዶ፣ አባ ቦራ!» እያለ ይለፈልፍ ነበር። ኤርሲዶ ይህን ሲሰማ አቀረቀረ፣ ወደ ሙሐዲን ሊመጣም አለና መሐል መንገድ ላይ ዳኞቹ ጠሩት። ሙሐዲን ማቀርቀሩን አየ፤ ወዶ ነው፣ አፈረ እንጂ አልከፋውም አለ በልቡ። ቦራ የዚያን ቀን ፈረስ አልመሰለም። ወደ ጎን ሲሄድ እግሮቹ እንደ ሸማኔ እግር አንዱ ሌላውን እያለፈ፣ ኖራውን ሳይነካ ከጫፍ ጫፍ ደረሰ። ሕዝቡ መጮኹን ረስቶ ዝም አለ። ሲያልቅ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ መጣ። ሙሐዲን የቦራን ልጓም ይዞ ቆቡን አስተካከለ።

«አባባ፣ እርስዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለ ፎቶ አንሺው፤ «አባ ቦራና ፈረሱ ብቻ።»

ሙሐዲን ፈቀቅ አለ። አጠገቡ ቆሎ የምትሸጠው ረሺዳ ቆማ ነበር፤ ከጅማ ድረስ ውድድሩን እየተከተለች የምትሸጥ፣ እሱንም ፈረሱንም ከጥንት የምታውቅ ሴት ናት። ሙሐዲን ቦራን ከግንባሩ እስከ ጅራቱ በዓይኑ ለካና ጮክ ብሎ፣

«እንዲህ ያለ ፈረስ የከፋ ምድር አይቶ አያውቅም» አለ።

አለና አፉን ዘጋ።

አንድ ነገር አድንቆ «ማሻአላህ» ሳይሉ አፍን መዝጋት በሙሐዲን አገር ድንጋይ ከመወርወር አይተናነስም። ድንጋይ ይስታል፣ ዓይን አይስትም። ረሺዳ ቃሉን ጠበቀች፤ አልመጣም። «ማሻአላህ በል እንጂ፣ ሰውዬ!» አለችው ደንግጣ። እንዳልሰማ ሆኖ ባልዲውን አነሣ። ረስቶ አይደለም። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ አስቀረው። የኔ ካልሆነ ለማንም አይሁን ያለው በዚያች ቅጽበት ነው፣ ብሎታልም።

ወደ ጅማ ሲመለሱ በጭነት መኪናው ላይ ከቦራ አጠገብ ቆሞ መንገዱን ሙሉ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ሲል መጣ። የወጣ ዓይን ግን በኋላ በመጣ ቃል እንደማይመለስ ያውቃል። ፈራ። አፈረም። ሰው በበደለው ላይ ደግነት ያበዛል፤ ሙሐዲንም ለበደሉ ካሣ የሚሆን ነገር ቢፈልግ ያገኘው ገብስ ነበር። ጣሳዋ ግማሽ ቁና ሆነች። ቦራ እየበላ ግንባሩን ደረቱ ላይ ሲያሻሸው፣ ይቅር ብሎኛል ይላል።

የመጨረሻው ውድድር ሚያዝያ 23፣ በሠራተኞች ቀን፣ ጅማ ስታዲየም ነው። አራት ቀን ሲቀረው የማስታወቂያ መኪና በሄርማታ በኩል እየዞረ፣ «በዝነኛው አባ ቦራ፣ በኤርሲዶ ጋላቢነት» እያለ ሲያልፍ የሰፈሩ ልጆች እየጮኹ ተከተሉት። የገዛ ሰፈሩ ልጆች! ሙሐዲን በሩን ዘጋ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሙሉ ቁና ተሸክሞ ሄደ። ቁናውን አስቀምጦ ቦራ ሲበላ እያየ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ዛሬ ለሌላ ለማንም እንዳታሽካካ አለው።

በማግስቱ ቦራ መቆም አቃተው። ሁለቱን የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ያቃስታል። ኮቴውን ሲነኩት ይፋጃል። ሙሐዲን ደርሶ ሲያየው፣ ዓይኔ ነው፣ ዓይኔ በላው አለ በልቡ። ኤርሲዶ ተንበርክኮ የፈረሱን እግር በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለለ ሳለ ጓድ ተክለጻድቅ ከሁለት ዘብ ጋር ገባ። ተክለጻድቅ ለጅማው ድል ከክፍለ ሀገር እንግዳ ጠርቶ ነበርና ፊቱ ጠቁሯል።

«ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ፈረስ ዋናው ቀን ሲደርስ በድንገት አይታመምም» አለ። «ይኼ አሻጥር ነው። ሌት ተቀን ከፈረሱ ጋር ያለው ማነው? ስብሰባ የሚያዘወትረው፣ መዝሙር የሚያንጎራጉረውስ ማነው?»

ኤርሲዶን ወስደው የጆንያ ማከማቻ ውስጥ ቆለፉበት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ሙሐዲን ልጁ ሲወሰድ ሲያይ ደስ አለው። የዓይን እርግብግቢት ታህል ብቻ፤ ግን ደስ አለው። ከዚያ የራሱን ደስታ ሲያውቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ልያ ቤቱ መጣች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐጂራ ደግፋ አስቀመጠቻት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣

«አባባ፣ በመስኮት አናገረኝ። ጋሽ ሙሐዲን ፈረሱን ይዩት፣ እሳቸው ካዩት ምን እንደነካው ያገኙታል ብሏል። አትፍሪ፣ እሳቸው አሉ ብሎኛል» አለችው።

ሐጂራ ባሏን አየችው። ከዚያ ጥግ ላይ ወደ ተጣጠፈው ባዶ ጆንያ አየች።

ስብሰባው በማግስቱ ጠዋት በእርሻው አዳራሽ ተጠራ። መፈክሩ ተባለ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ አብዱልፈታሕ ወረቀቱን ዘረጋ፤ ተክለጻድቅ ስለ አሻጥረኞች ረጅም ንግግር አደረገና ኤርሲዶን አስነሥቶ ፊት ለፊት አቆመው። ልጁ ጨርቅ ሲጠቀልል የረጠበው እጅጌው ጭቃ ይዞ ደርቋል። በዚህ ጊዜ ሙሐዲን ከኋላ ተነሣ።

«ጓድ፣ ልጁን ልቀቁት። ፈረሱን የበላሁት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ዞረ።

«በዓይኔ ነው። ሊሙ ላይ አድንቄ ማሻአላህ ሳልል ቀረሁ። ዐውቄ ነው። ቀንቼ ነው። ረሺዳን ጠይቋት።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ተክለጻድቅም አልቻለም፣ ሳቀ። «አባባ፣ ይኼን ኋላ ቀር አስተሳሰብ ትተን የለም እንዴ! ዓይን ኮቴ ያቃጥላል?» አለ። ሳቁ ግን እየቆየ ሌላ መልክ ያዘ። ሰው ነገሩን በራሱ ተረጎመው፤ ሽማግሌው የዚያን ድሃ ልጅ ጦስ በራሳቸው ሊወስዱ ነው ተባለ። ከለቃሚዎቹ አንዷ «ተባረኩ!» አለች። ሌላው አጨበጨበ። ጭብጨባው ተዛመተና ከመካከል አንዱ፣

«አባ ቦራ!» ብሎ ጮኸ።

«አባ ቦራ! አባ ቦራ!» አለ አዳራሹ በሙሉ።

በዚህ ጊዜ ወደ ሌላ ማንም አላዩም፤ ወደሱ ነው። ከአጋሮ ጀምሮ የተራበውን አገኘ። ሙሐዲን እጁን አላነሣም፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞላ፣ ሰውም ይህን አይቶ ጭብጨባውን አባሰው።

ጩኸቱ ሳይበርድ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ሸዋረገጥ እጇን በጨርቅ እያደረቀች ገባች። ከጋጣው ነው የመጣችው። ወሬ የማታበዛ ሴት ናት፤ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ፣

«መርዝ አይደለም። ዓይንም አይደለም» አለች። «እህል ነው። ከልኩ ያለፈ እህል ሆድ ውስጥ ሲቦካ ወደ ኮቴ ይወርዳል። ፋንድያውን አይቼዋለሁ፣ ገብስ በገብስ ነው። በጣሳው ልክ የተመገበ ፈረስ እንዲህ አይሆንም። ሰው ብዙ ቀን፣ ብዙ እህል አብልቶታል።»

«ይድናል?» አለ ኤርሲዶ።

«ለመራመድ ይድን ይሆናል። ለውድድር አይሆንም። ከእንግዲህ አይሆንም።»

ተክለጻድቅ ወደ ኤርሲዶ ዞረ። «የእህል ማከማቻው ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?»

«እኔ ጋ ነው» አለ ኤርሲዶ።

«ሌላ ሰው ጋስ?»

«ሌላ ሰው ጋ የለም።»

ሙሐዲን አሁንም እንደቆመ ነበር። የሰማውን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ሠላሳ ዓመት የፈረስ ሰው ነው፤ ከቁናው በኋላ ኮቴው ሲፋጅ እጁ ነግሮት ነበር። እሱ ግን ዓይኔ ነው ብሎ ሮጠ። ዓይኑን የተናዘዘው እጁን ለመደበቅ ኖሯል እንዴ? ዓይን ማንም ሊይዘው የማይችል ኃጢአት ነው፤ ይሳቅበታል፣ ይጨበጨብለታል። ዝም ቢል ሰው አባ ቦራ እንዳለው ቤቱ ይገባል። ማንም አይጠረጥረውም። ልያን አሰባት። ዘቦቹ ወደ ልጁ ሲራመዱ አየ።

«ገብሱ የማከማቻው አይደለም» አለ። «የቤቴ ነው። ያበላሁት እኔ ነኝ፣ በየቀኑ፣ ጎሕ ሲቀድ። ሚስቴ ታውቃለች።»

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

«ለምን?» አለ ተክለጻድቅ። «ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን?»

ሙሐዲን ዙሪያውን ቃኘ። «እኔን ሲያይ እንዲያሽካካ ብዬ» አለ። «ለሱ ማሽካካት ጀምሮ ነበር።»

ተክለጻድቅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር እንጂ። ግንባሩን አሸ። አብዱልፈታሕ ብዕሩን አንሥቶ፣ «ጓድ፣ ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፈው? ቅናት ልበል?» ሲለው፣

«ቅናት የሚባል አንቀጽ የለም። ቸልተኝነት በለው» አለ።

ሙሐዲን ይህን ሲሰማ ከቅጣቱ የባሰ አመመው። በሕይወቱ ብዙ ነገር ቸል ብሏል፤ ጸሎቱን፣ ሚስቱን፣ ጉልበቱን። ቦራን ቸል ያለበት አንድ ቀን አልነበረም። ቅጣቱ ደግሞ አጭር ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ከጋጣው ተነሥቶ ወደ ቡና ማድረቂያው ይዛወራል፣ ወደ ፈረሶቹ እንዳይቀርብ። ኤርሲዶ ተለቀቀ፤ ለሚያዝያ 23 ሌላ ፈረስ ይዞ እንዲወጣ ታዘዘ።

«ስም?» አለ አብዱልፈታሕ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ሙሐዲን፣ በሌላ ስሙ አባ ቦራ...»

«ሙሐዲን ብቻ በለው» አለ ሙሐዲን። «ሌላ ስም የለኝም።»

የአብዱልፈታሕ ብዕር ቆመ። ከፊት በኩል ኤርሲዶ ዘቦቹን አልፎ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ፊቱ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። ተቆጥቶ ነበር፤ ሙሐዲን ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፣ የተቆጣውም ስለ ፈረሱ እንደሆነ ገባው። ልጁ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አባ ቦራ ብለህ ጻፈው። እኔ ጋላቢ ነኝ፤ አባቱ እሳቸው ናቸው። ክፉም ቢሠሩ እሳቸው ናቸው» አለ።

ሙሐዲን በዚህ ጊዜ ማመስገን ነበረበት፤ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። ልቡ ግን እንደገና ቀና። አሁንም በለጠኝ አለ። ስሜን እንኳ ከሱ እጅ ልቀበል?

አብዱልፈታሕ ጻፈና ወረቀቱን አዞረለት፤ የቀለሙንም ሳጥን አስጠጋ። ሙሐዲን ቁርኣን እንጂ የአማርኛ ፊደል አያውቅም። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ በወረቀቱ ላይ አንጠለጠለና ቆየ።

«የቱ ጋ ነው ስሜ?» አለ።

ኤርሲዶ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አሳየው።